ሌላ ትርጉም የለውም

ፈረንጇ ጓደኛዬ ወደ እኛ አገር ከመምጣቷ በፊት ክንዷን ሦስት ጊዜ ተወግታ ነበር፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ። ይህን የነገረችኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ታክሲ ስንጠብቅ ነው። ሳቅኩባት። «የእኛ ውሾች ፈረንጅ አይበሉም፤ ሆዳቸውን ያማቸዋል» አልኳት። እሷም ሳቀችና እጅጌዋን ሰብስባ የተወጋችበትን ቦታ አሳየችኝ። ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ የነርሲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እሷ በአገሯ ሕክምና ትማራለች፤ ለስድስት ሳምንት በበጎ ፈቃድ ልታገለግል ነው የመጣችው። ሥራችን በአቃቂ ቃሊቲ ትምህርት ቤቶች እየዞርን ልጆችን ስለ ጤና ማስተማር ነበር፤ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ወር አበባ፣ ራስን ከጥቃት ስለ መጠበቅ። እሷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። እውነቱን ለመናገር ማስተርጎም ብቻ አልነበረም የምሠራው። እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ስትናገር እኔ አራት እጨምርበታለሁ። «ይህን ሁሉ ብያለሁ እንዴ?» ትለኛለች። «በአማርኛ ሲሆን ይረዝማል» እላታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ምላሴ ይቀድመኛል።

ሐሙስ ሐሙስ የምንሄደው ኮዬ ፈጬ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት አካባቢው ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት መሬት ነበር። ገበሬዎቹ ሲነሡ ሰዎቹ ሄዱ፤ ውሾቹ ብዙዎቹ ቀሩ። ከብሎኮቹ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ፣ ጣሪያቸው በተነሣ የጭቃ ቤቶች ፍርስራሽ ውስጥ ይወልዳሉ። ጠዋት ሕዝቡ ወደ ከተማ ለመሄድ ለሃይገር አውቶቡስ ሲሰለፍ፣ ከሰልፉ ጎን ተጋድመው ሰው ይታዘባሉ። ጓደኛዬ የምታውቃቸው የአማርኛ ቃላት አሥር ቢሞሉ ነው፤ አንዱ «ውሻ» ነበር። ከታክሲ ወርደን ትምህርት ቤቱ በር እስክንደርስ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «ውሻ፣ ውሻ» እያለች ነበር የምትሄደው።

ልጅቷን ያወቅናት በመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች፣ አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር። ስለ እጅ መታጠብ እያስተማርን ጓደኛዬ አንድ ልጅ ወጥቶ እንዲያሳይ ስትጠይቅ፣ ሻሿን አጥብቃ ብድግ አለችና ሳሙናውን ከእጄ ነጠቀችኝ። በጣቶቿ መሀል፣ በጥፍሮቿ ሥር፣ እስከ ክርኗ ድረስ አጠበች። ከዚያም ወደ ክፍሉ ዞር ብላ፣ «ሚስ፣ እኛ ቤት ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ነው የምንታጠበው። እናንተ ትንሽ ዘግይታችኋል» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለጓደኛዬ ስተረጉምላት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ሁለታችንም መጀመሪያ በዓይናችን የምንፈልገው እሷን ነበር።

አፍረው መጠየቅ ለማይችሉ ልጆች የጥያቄ ሣጥን ነበረን፤ ክዳኑን ቀድደን ያበጀነው የብስኩት ካርቶን ነው። ስም አይጻፍበትም። እኔ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አወጣለሁ፣ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ለጓደኛዬ እተረጉማለሁ፣ መልሷን እመልሳለሁ። ግማሹ ቀልድ ነው። «ፈረንጇ ባል አላት?» «ኳስ መጫወት ቁመት ይጨምራል?» እንዲህ ያለውን አንብበን ስቀን እናልፋለን።

በአምስተኛው ሐሙስ ርእሳችን ራስን ከጥቃት መጠበቅ ነበር። ከሣጥኑ ካወጣኋቸው ወረቀቶች መሀል አንዷ ከደብተር ጠርዝ በጥንቃቄ የተቀደደች፣ አራት ቦታ የታጠፈች ነበረች። እንዲህ ትላለች፦

«የተለከፈች ልጅ ለቤቷ ሰው ካልተናገረች ምን ትሆናለች? ከተናገረች ግን ይቆጧታል።»

ደሜ ፈላ። ያደግኩት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በእስረኛ ጠያቂዎች ሰልፍና በሱቆቹ መሀል፣ ከዚያ በቆሙ ከባድ መኪናዎች ሥር አልፌ ነው ቤት የምገባው። ደረቴ ገና ብቅ ሳይል ጀምሮ ሳልለከፍ የገባሁበትን ቀን አላስታውስም። «ቆንጆ፣ አታናግሪንም?» «ምነው ኮራሽ?» አንዴ ድንጋይ አንስቼ የአንዱን መኪና መስተዋት ሰብሬ፣ አባቴ ሽማግሌ ልኮ ነው ያስታረቀኝ። ያኔም ቢሆን የተቆጡት እኔን ነው። ስለዚህ ያቺን ወረቀት ሳነብ ሌላ ነገር በአእምሮዬ ሽው አላለም። ለከፋ ማለት ለእኔ አንድ ነገር ነበር፤ መንገድ ላይ ሴት ልጅን መተንኮስ።

ለጓደኛዬ እንደዚያው ተረጎምኩላት። እሷም ለልጅቷ ማዘኗን፣ ጥፋቱ የልጅቷ አለመሆኑን፣ ለምታምነው ትልቅ ሰው መንገር እንዳለባት በለሰለሰ ድምፅ ተናገረች። እኔ ግን የለሰለሰ ድምፅ አልነበረኝም። ክፍሉ ውስጥ ወንዶች ልጆች ስላሉ፣ ስቀው የጠየቀችውን እንዳያሳፍሯት «ወንድ» የሚለውን ቃል መጥራት አልፈለግኩም። በቁጣዬ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ይህን የጻፍሽ እህቴ፣ ስሚኝ። የሚለክፍ ውሻ ነው!»

ልጆቹ ሳቁ። ሲስቁ ባሰብኝ።

«አዎ፣ ውሻ ነው! ምን ያስቃል? ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ከነገ ጀምሮ መንገድሽን ቀይሪ፤ ውሻ ባለበት አትለፊ። ብቻሽን አትሂጂ። ለምታምኚው ትልቅ ሰው ተናገሪ። ይህን ካደረግሽ ምንም አትሆኚም።»

አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። አንዲት ልጅ የሆነ ቦታ ተቀምጣ ልቧ ሲቀልላት ታየኝ።

ወጥተን ወደ ታክሲው ስንሄድ ጓደኛዬ ቆም አለች። «ስለ ውሻ ነበር እንዴ የጠየቀችው? ‹ውሻ› ስትዪ ሰማሁሽ» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት፤ «ስድብ ነው። እንደዚያ ያለውን ሰው ውሻ እንለዋለን።»

ደብተሯን አወጣች። እንዲህ ናት፣ ቃል ስትሰማ በራሷ ፊደል ትጽፈዋለች። «ለ-ከ-ፈ» አለች እየጎተተች። «ሌላ ትርጉም የለውም?»

«የለውም» አልኳት። ታክሲው መጥቶ ስለነበር እየተጋፋን ገባን።

በስድስተኛው ሐሙስ ተሰናበትን። ልጆቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ አቀፉን። ልጅቷም አቀፈችን። የቀኝ እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ድረስ ጎትታ ይዛው ነበር፤ ብርድ መስሎኝ ምንም አላልኩም። ጓደኛዬ ወደ አገሯ ስትሄድ ከካርቶኑ የወጡትን ወረቀቶች ሁሉ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። እያነበብኩ፣ እየተረጎምኩ እንድልክላት ነበር። ፌስታሉን አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ፈተና ደረሰብኝ፣ ረሳሁት።

ወር ከምናምን በኋላ የትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ ኃላፊ የሆነው መምህር ደወለልኝ። ከሰባተኛ ክፍል አንድ ተማሪ በእብድ ውሻ በሽታ ሞታለች፤ ልጆቹ ፈርተዋል፤ እሷ ትቀመጥበት በነበረው ዴስክ ላይ አንቀመጥም ብለዋል፤ መጥተሽ ብታናግሪያቸው አለኝ። ማን እንደሆነች ጠየቅኩት። «ያቺ ‹ዘግይታችኋል› ያለቻችሁ» አለኝ።

በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። የሚተረጎም ነገር አልነበረም። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በመቀመጥ እንደማይተላለፍ ነገርኳቸው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና ሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፣ ክትባት አለ፣ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም አልኳቸው። ዴስኩ ላይ ተቀመጥኩ፤ እንዲያዩኝ። የእንጨቱ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ የተሣለች ትንሽ ቡችላ ነበረች።

ስጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የልጅቷ ጓደኛ ናት፤ አብረው ነበር ወደ ቤት የሚመለሱት።

«ሚስ፣ እብድ ውሻ አልነበረም እኮ። ቡችላ ናት፤ ፍርስራሹ ጋ የተወለደች። ከምሳ ዕቃዋ ዳቦ ትሰጣት ነበር። አንድ ቀን ቡችላዋ አሟት ተኝታ፣ አልበላም ስትል በእጇ ልታጎርሳት ሞከረች፤ ለከፈቻት። እዚህ ጋ።» አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

ለከፈቻት።

ጓደኛዋ ግን አልጨረሰችም። «ለእናትሽ ልንገርልሽ ስላት እንቢ አለችኝ። እነሱ ቤት ውሻ መንካት አይፈቀድም፤ ይቆጡኛል አለች። ‹ደግሞ ሚስን ጠይቄያታለሁ፣ ምንም አትሆኚም ብላኛለች› አለችኝ።»

መምህሩ አላየኝም፤ ወደ መስኮቱ ነበር የሚያየው። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ምላሴ አልቀደመኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቤት እንደ ገባሁ ፌስታሉን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁ። አራት ቦታ የታጠፈችውን ወረቀት ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። «የተለከፈች ልጅ ለቤቷ ሰው ካልተናገረች ምን ትሆናለች?» በመንገድ የተተነኮሰች ልጅ «ምን እሆናለሁ» ብላ አትጠይቅም። «ምን ላድርግ» ነው የምትለው። ይህቺ የጠየቀችው እንደ ሐኪም ጠይቃ ነው፤ ወረቀቷ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። እኔ ግን የራሴን ቁስል ነው ያነበብኩት። የሷን አላነበብኩም።

እናቴን «ለከፈ ማለት ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ምን ማለትሽ ነው? ውሻ ሲነክስ ነዋ» አለችኝ፤ ቀና እንኳ ሳትል። እናቴ ታውቀዋለች። ማንም ያውቀዋል። እኔም ሕፃን ሆኜ ሳልሰማው አልቀርም። ነገር ግን በሽታን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናም የተፈተንኩት በእንግሊዝኛ። የመንገዱን አማርኛ ከመንገድ ለቀምኩ፣ የበሽታውን እንግሊዝኛ ከመጽሐፍ፤ የእናቴ ቃል በሁለቱ መሀል ወድቆ ቀረ። ፈረንጇ እንኳ አሥር ቃል ይዛ መጥታ ጠርጥራ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። እኔ ይህን ተረት ስንት ጊዜ በሰው ላይ ተርቼዋለሁ!

በዚያ ሳምንት ጓደኛዬ መልእክት ላከችልኝ። ወረቀቶቹን ጠየቀችኝ፤ ደግሞ «ያቺ ዘግይታችኋል ያለችን ልጅ ደህና ናት?» ብላለች። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። እንደገና ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ከእሷ ይልቅ መጀመሪያ መስማት ያለባቸው የልጅቷ እናት ነበሩ። ወረቀቷን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና መምህሩን ወደ ልጅቷ ቤት እንዲወስደኝ ለመንኩት። ቆርጬ ነበር የሄድኩት፤ ልነግራቸው። ደረጃውን ስወጣ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ ሰው ባይኖር ብዬ ተመኘሁ።

እናትየው በሩን ከፈቱልን። ጥቁር ሻርፕ ተከናንበዋል። መምህሩ ስለ ጤና ያስተማረቻቸው ልጅ ናት ብሎ ሲያስተዋውቀኝ ሁለቱን እጆቼን ያዙኝ።

«አንቺ ነሽ? ያ ረቢ! ሐሙስ በመጣ ቁጥር ወሬዋ ሁሉ አንቺ ነበርሽ። ‹ሚስ እንዲህ አለች፣ ሚስ እንዲህ አለች› ... ነርስ እሆናለሁ ብላ ነበር እኮ። አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ። ተቀመጪ።»

«እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው። ከፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አባትየው ጅቡቲ መንገድ ላይ እያለ ነው የታመመችው፤ ደርሶ የቀበራት እንጂ በሕይወቷ አላገኛትም። ይህን ነገሩኝ። መጀመሪያ አውራ ጣቷን እንደ ጉንዳን ይወረኛል ማለቷን፣ ከዚያ ውሃ ወደ አፏ ስታስጠጋ መንቀጥቀጧን ነገሩኝ። ሐኪሞቹ «ውሻ ነክሷት ያውቃል?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ወላሂ፣ በእኛ በር ውሻ አያልፍም» ብለው ምለዋል።

«ምዬ ነበር እኮ» አሉ። «ልጄ እያየችኝ። ከዚያ ‹እማ፣ አትማዪ› አለችኝ። ያኔ ነው የሰማሁት። ይቆጡኛል ብላ! እቆጣ ነበር ወይ? እሺ ልቆጣ፤ እየተቆጣሁ፣ ውሻ የነካው በእኛ ደንብ እንደሚታጠበው ሰባቴ አጥቤያት በጀርባዬ አዝዬያት አልሮጥም?»

መምህሩ አቀረቀረ። እኔ ቦርሳዬን በሁለት እጄ አቅፌ ይዤ ነበር። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እያልኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አሉኝ ሻርፓቸውን አስተካክለው። «የተማርሽ ነሽ፣ አንቺ ታውቂው ይሆናል። እኔን ግራ ገብቶኛል።» ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ አንድ ደብተር አወጡ። የሳይንስ ደብተር ነው፤ በጋዜጣ ተለብዷል። የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ጽሕፈቱን አወቅኩት፤ ወረቀቷ ላይ ያለው ጽሕፈት ነው። ከላይ «ለተለከፈ ሰው» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ቀጥሎ አራት መስመር፦

ጥፋቱ የእኔ አይደለም።
መንገድ ቀይሬያለሁ።
ብቻዬን አልሄድም።
ለማምነው ትልቅ ሰው ተናግሬያለሁ።

ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጋለች፤ እኛ ክፍል ውስጥ ትክክለኛ መልስ ላይ እንደምናደርገው ያለ።

«መንገድ መቀየር ውሻ ለለከፈው ሰው ምን ይረዳል?» አሉኝ እናትየው። ተቆጥተው አልነበረም፤ እውነት ማወቅ ፈልገው ነው። «ይህን የሚያስተምር ሰው አለ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ጣታቸውን ወደ መጨረሻው መስመር አወረዱ።

«ይቺን ደግሞ እያት። ‹ተናግሬያለሁ› ትላለች። ሆስፒታልም ተኝታ ‹ለምን አልተናገርሽም፣ ልጄ?› ስላት፣ ‹ተናግሬያለሁ፣ እማ› ነበር የምትለኝ። ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥራት ብዬ ነበር። ለእኔ አልነገረችኝ። ለአባቷ አልነገረች። መምህሩም አልሰማሁም ብሏል። ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነው። ልጄ ይህን ያህል አምና የነገረችው ትልቅ ሰው ማነው? ሰምቶ እንዴት ዝም አለ?»

መምህሩ ቀና ብሎ አየኝ። ደብተሩ ጭኔ ላይ ነው፤ አራቱ ቀይ ምልክቶች ፊት ለፊቴ።

«ለእኔ ነው የነገረችው» አልኳቸው፤ ቦርሳዬንም ከፍቼ ወረቀቷን ሰጠኋቸው።